የሕክምና ተማሪዎች የክብር ማኅበር፦ መግባት ይጠቅማል?



ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ በር ላይ ጫማዬን ስፈልግ አንዲት የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ እህታችን ቆማ ጠበቀችኝ። በስልኳ ሁለት መልእክት አሳየችኝ። አንዱ ከትምህርት ቤቷ የመጣ ነው። የአልፋ ኦሜጋ አልፋ የክብር ማኅበር ምርጫ ሊጀመር መሆኑን ይገልጽና ተማሪዎች የአገልግሎትና የምርምር ሥራቸውን ዘርዝረው እንዲያስገቡ ይጠይቃል። ሁለተኛው ስሙን ሰምታ ከማታውቀው ድርጅት የመጣ ነው። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ተመርጠሻል» ብሎ ይጀምርና የባንክ ካርድ ቁጥሯን በመጠየቅ ያበቃል።

«የትኛው ነው እውነተኛው? እውነተኛው ቢሆንስ ምን ይጠቅመኛል?» አለችኝ። ቀጥላም የልቧን ጥያቄ አወጣችው። «ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ክሊኒኩ ለሐበሻ ታካሚዎች አስተረጉማለሁ። እሱን ትቼ ለምርጫው ነጥብ የሚሆነኝን ምርምር ልጀምር?»

ያን ዕለት በር ላይ የመለስኩላት አጭር ነበር። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ መሆኑን ስለማውቅ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። እኔ አሁን የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። በተማሪነቴ አልፋ ኦሜጋ አልፋ አልተመረጥኩም፤ በሌላኛው፣ ጎልድ በሚባለው፣ የክፍል ጓደኞቼ መርጠውኛል። ስለዚህ ሁለቱንም በኩል በመጠኑ አውቀዋለሁ።

ያኔ ጉዳዩን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ማኅበር» የሚለውን ቃል ስትሰማ ትዝ ያላት የወሎው ቂሬ ነው። ወዲያው ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ «ማንን ነው የሚያስገባው? መዋጮው ስንት ነው? የጨነቀሽ ቀንስ ምን ያደርግልሻል?» ሳቅኩ። ግን ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ ከእነዚህ ጥያቄዎች የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም። በእሷ ቅደም ተከተል እንሂድ። መጀመሪያ ግን ማኅበሮቹን እንወቃቸው።

ማኅበሮቹ የትኞቹ ናቸው?

አልፋ ኦሜጋ አልፋ በ1902 በቺካጎ ተመሠረተ። መሥራቹ ዊሊያም ሩት ያኔ ራሱ የሕክምና ተማሪ ነበር። በዘመኑ በሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚታየው የትምህርት ልልነትና በፈተና ማጭበርበር አሳዝኖት ከጥቂት የክፍል ጓደኞቹ ጋር ማኅበሩን ጀመረ። መርሁም የሚሠቃዩትን ለማገልገል ብቁ መሆን የሚል ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ኤም.ዲ. ሰጪ ትምህርት ቤቶች ቅርንጫፍ አለው።

ጎልድ ሂዩማኒዝም የክብር ማኅበር በ2002 የተጀመረ ነው። ያቋቋመው የአርኖልድ ጎልድ ፋውንዴሽን በ1993 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነጭ ጋዋን ሥነ ሥርዓትን ያስጀመረው ድርጅት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ስትገቡ ጋዋን ያለበሷችሁን ቀን አስታውሱ፤ ሥሩ እዚያ ነው። ይህ ማኅበር የሚያየው ርኅራኄን፣ ለታካሚ ያለን አክብሮትና አገልግሎትን ነው።

በዲ.ኦ. ትምህርት ቤት የምትማሩ ደግሞ በ1921 የተመሠረተውን ሲግማ ሲግማ ፋይን ታገኛላችሁ።

ከእነዚህ ውጭ «የክብር ማኅበር» የሚል ስም ይዘው በኢሜይል የሚመጡ ብዙዎች ናቸው። ለመለየት ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ በትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ኃላፊነቱን የያዘ የታወቀ መምህር አለው? ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያውቀዋል? ሦስተኛ፣ ማን እንደመረጣችሁና በምን መስፈርት እንደመረጣችሁ ሊነግራችሁ ይችላል? ለሦስቱም መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ለሰደቃ አውጡት። እህታችን የደረሳት ሁለተኛው መልእክት ከሦስቱ አንዱንም አላለፈም።

ማንን ነው የሚያስገባው?

በአልፋ ኦሜጋ አልፋ ለረጅም ዘመን የቆየው ደንብ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በውጤት ከክፍሉ የላይኛው ሩብ ውስጥ መገኘት፤ ከዚያ ከእነዚያ መካከል በመሪነት፣ በሥነ ምግባር፣ በአገልግሎትና በምርምር ታይቶ ከክፍሉ አንድ ስድስተኛ የማይበልጥ ተማሪ ይመረጣል። ዛሬ ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። አንዳንዱ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ይመርጣል፣ አንዳንዱ በአራተኛው መጀመሪያ። አንዳንዱ ማመልከቻ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ተማሪው ሳያውቅ ይመርጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ የራሳችሁን ትምህርት ቤት ደንብ በጽሑፍ ጠይቆ ማንበብ ነው።

በጎልድ ዋናው ድምፅ የክፍል ጓደኞች ነው። በመጠይቁ ላይ ታማሚ ብትሆኑ ወይም ቤተሰባችሁ ቢታመም በማን እጅ እንዲታከም እንደምትፈልጉ፣ በሥራ ቦታ ከጎናችሁ የሚቆመው ማን እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። በፈተና ዋዜማ አጥንቶ የሚያልፉት ነገር አይደለም። ጓደኞቻችሁ ሌሊት በሥራ ላይ ያዩትን ነው የሚጽፉት።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ውጤት ላይ የቆመው ምርጫ ሁሉንም እኩል ያስተናገደ አይደለም። በ2017 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የ4,655 ተማሪዎችን የሬዚደንሲ ማመልከቻ መረመረ። የፈተና ውጤትን፣ ምርምርን፣ አገልግሎትንና የመሪነት ልምድን ከግምት አስገብቶ ሲያነጻጽርም ነጭ ተማሪዎች አባል የመሆን ዕድላቸው ከጥቁር ተማሪዎች ስድስት እጥፍ፣ ከእስያ ተወላጅ ተማሪዎች ደግሞ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። በ2018 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኙ መምህራን የራሳቸውን ተማሪዎች ውጤት አጠኑ። በሮቴሽን ግምገማ የታየው ልዩነት ትንሽ ነበር። ያ ትንሽ ልዩነት ግን ወደ ማርክ ሲለወጥ አድጎ፣ በሕክምናው ዘርፍ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ማኅበረሰቦች የመጡ ተማሪዎች ያገኙት ኦነርስ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ሆነ፤ ለክብር ማኅበር የመመረጥ ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ አነሰ። በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ የሚገኘው የአይካን ሕክምና ትምህርት ቤት በ2018፣ የሳን ፍራንሲስኮው ደግሞ በ2020 የተማሪዎችን ምርጫ አቆሙ። ሌሎችም አሠራራቸውን አሻሽለዋል።

ትንሹ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ በራሴ አይቼዋለሁ። በአንድ ሮቴሽን ላይ ግምገማዬ «ታታሪ ናት፣ ግን ዝምተኛ ናት» ይል ነበር። እኔ ያደግሁት ታላቅ ሲናገር አፍን መዝጋት አደብ በሆነበት ቤት ነው። አቴንዲንጉ እያስረዳ ሳለ ጣልቃ መግባት ብልግና ይመስለኝ ነበር፤ ለእሱ ግን ዝምታዬ አለማወቅ መሰለው። ማናችንም ክፉ አላሰብንም፤ ማርኩ ግን ወረደ። ይህን የምጽፈው ስማችሁ ከዝርዝር ሲጠፋ በራሳችሁ ላይ ብቻ እንዳትፈርዱ፣ ደግሞም በእጃችሁ ያለውን እንዳትተዉ ብዬ ነው። በራውንድ ላይ «አንድ ነገር ልጨምር?» ማለት አደብ ማጣት አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት አቴንዲንጉን «ምን ላሻሽል?» ብላችሁ ጠይቁ። ግምገማው ከተጻፈ በኋላ የሚሰማ ምክር ለሚቀጥለው ሮቴሽን እንጂ ለዚያኛው አይደርስም።

መዋጮው ስንት ነው?

በገንዘብ በኩል የመግቢያና የዓመት ክፍያ አለ። ይህ እንደ ማኅበሩና እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያልና አንዳንዴ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይሸፍነዋል። ከተመረጣችሁና ክፍያው ከከበዳችሁ ሳትፍሩ ጠይቁ።

በጊዜ በኩል ከተመረጡ በኋላ ያለው ሸክም ቀላል ነው፤ ጥቂት ስብሰባ፣ አንድ ሁለት የአገልግሎት ሥራ፣ አንድ የእራት ሥነ ሥርዓት። ስለ እራቱ ስጋት ያላቸው አሉ። ሐላል ወይም የአትክልት ምግብ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። መጠጥ በሚቀርብበት ማዕድ መቀመጥ ካልፈለጋችሁ በሥነ ሥርዓቱ ክፍል ተገኝታችሁ ከእራቱ በፊት መሄድ ትችላላችሁ። ቀኑ በረመዳን ከዋለም አዘጋጆቹ እንዲያውቁት ቀደም ብላችሁ ተናገሩ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሲነገራቸው የሚያስተካክሉ ብዙ ናቸው፤ ካልነገርናቸው ግን አያውቁም።

ትልቁ መዋጮ ከመመረጥ በፊት የሚከፈለው ነው። ሦስተኛውን ዓመት በሙሉ «ይህ ለምርጫው ይቆጠር ይሆን?» እያሉ መኖር ልብን ያደርቃል። ጓደኛ ተፎካካሪ ይመስላል፤ ታካሚውም የማርክ መንገድ ይሆናል። እኔም ለአንድ ወቅት እንዲህ ሆኜ ነበር። ከአንዲት አሮጊት ክፍል ወጥቼ ስለ ልጆቿ ያጫወተችኝን ሳይሆን ለአቴንዲንጉ ያቀረብኩት ሪፖርት ምን ያህል እንዳማረ ሳስብ ራሴን ያዝኩት።

የጨነቀ ቀን ምን ያደርጋል?

የሕክምና ተማሪ የሚጨነቅበት ቀን ማች ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንናገር፤ አባልነቱ ይረዳል። በሬዚደንሲ ማመልከቻው ላይ የሚሞላበት ቦታ አለው። እንደ ቆዳ ሕክምና፣ አጥንት ቀዶ ሕክምና፣ ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባሉ ውድድር የበዛባቸው ዘርፎች በጥቂት ቦታ ላይ መቶዎች ያመለክታሉ። ማመልከቻ የሚያነቡት ሰዎች ለማጣራት ምልክት ይፈልጋሉ፤ አባልነቱ አንዱ ምልክት ነው። ከጥር 2022 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ስቴፕ 1 በቁጥር መሰጠቱ ቀርቶ «አልፏል፣ አላለፈም» ብቻ ስለሆነ አንድ የማነጻጸሪያ ቁጥር ጠፍቷል። በዚህም ምክንያት ስቴፕ 2፣ የሮቴሽን ማርክ፣ የድጋፍ ደብዳቤና እንዲህ ዓይነቱ ክብር ይበልጥ ይታያሉ።

ነገር ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ አባልነቱ የሚገኘው ፕሮግራሙ ራሱ ከሚያያቸው ማርኮች ነው። ሁሉንም ኦነርስ ያገኘ ተማሪ ያለ ማኅበሩም ጠንካራ አመልካች ነው፤ ማኅበሩ የሚጨምርለት ማኅተም ነው። ሁለተኛ፣ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ከአሜሪካ ኤም.ዲ. ትምህርት ቤቶች ከሚመረቁና ከሚያመለክቱ መቶ ተማሪዎች ውስጥ በየዓመቱ ከ90 በላይ የሚሆኑት በማች ይመደባሉ። የአልፋ ኦሜጋ አልፋ አባላት ከመቶ 20 አይበልጡም። አባላቱ ሁሉ ተመድበዋል ብንል እንኳ ቢያንስ 70ዎቹ ያለ አባልነት ቦታ አግኝተዋል ማለት ነው። በቤተሰብ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በውስጥ ደዌና በሥነ አእምሮ ለሚያመለክት ሰው ደግሞ የዚህ ሳጥን ባዶ መሆን በሩን አይዘጋም። ከጥቁር አንበሳ ወይም ከጎንደር ተመርቀው እዚህ ለሬዚደንሲ የሚያመለክቱ ወንድም እህቶቻችንም ይህ ሳጥን አያስጨንቃቸው፤ ማኅበሩ በትምህርት ቤታቸው ቅርንጫፍ ስለሌለው ማንም ከእነሱ አይጠብቀውም።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ጥቅም አለ። አልፋ ኦሜጋ አልፋ ለተማሪዎች የምርምርና የአገልግሎት ድጋፍ ገንዘብ ይሰጣል፤ የድርሰት ውድድርም አለው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቅርንጫፍ ባለበት ትምህርት ቤት ለሚማር ተማሪ ክፍት ናቸው፤ ተመራጭ መሆን አያስፈልግም። የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በትምህርት ቤታችሁ ያለውን የማኅበሩን ተጠሪ መምህር ስለዚህ ጠይቁ። በተማሪነት ያልተመረጠ ሰውም በሬዚደንትነት ወይም በመምህርነት ሊመረጥ ይችላልና በሩ አንዴ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም።

ስለ ራሴ መልካም ነገር መጻፍ ሪያእ አይሆንም?

ይህን ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። ማመልከቻው «ያገለገልኩትን» ዘርዝሩ ይላል፤ እኛ ደግሞ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ ተብለን አድገናል። ፈትዋ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም፤ ልብን የሚከብድ ጥርጣሬ ያለው ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ። ለእኔ ያረጋጋኝ የነቢዩ ዩሱፍ (ዐለይሂ ሰላም) ታሪክ ነው። ለንጉሡ ችሎታቸውን ተናግረው ኃላፊነቱን ጠይቀዋል፤ ሰው ሊራብ ነበርና። ማመልከቻን እንደ ምስክርነት አየዋለሁ። የሠራሁትን እጽፋለሁ፣ ያልሠራሁትን አልጽፍም፣ ሦስት ጊዜ የሄድኩበትን ክሊኒክ «ለዓመታት» አልልም። በድብቅ የሰጣችሁት ሰደቃ ግን እዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም፤ እሱ በእናንተና በአላህ መካከል ይቅር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ያላችሁ ስለ ምርጫው አታስቡ፤ ሥርዓት ያለው የጥናት ልማድ ያዙ፤ ልባችሁ የሚወደውን አንድ አገልግሎት መርጣችሁ ሳታቋርጡ ሥሩ። በአምስት ቦታ ስም ከማስመዝገብ በአንድ ቦታ ለሦስት ዓመት መገኘት ለታካሚውም ለእናንተም ይበልጣል።

ሦስተኛ ዓመት ያላችሁ የትምህርት ቤታችሁን ደንብ አንብቡ፣ በየሮቴሽኑ መሐል ላይ አስተያየት ጠይቁ፣ ግምገማችሁ ላይ ስህተት ካያችሁ በአክብሮት አቤት በሉ። ማመልከቻ ከተጠየቀ አስገቡ፤ የሚወስደው ጥቂት ሰዓት ነው፤ «እኔን አይመርጡኝም» ብሎ መቅረት ግን ራስን ሳይፈረድበት መቅጣት ነው። ውድድር የበዛበትን ዘርፍ የምትፈልጉ ምርምር ያስፈልጋችኋል፤ የሚያስፈልገው ግን ዘርፉ ስለሚጠይቀው ነው፤ ማኅበሩ ስላለ ወይም ስለሌለ አይለወጥም።

አራተኛ ዓመት ያላችሁና የተመረጣችሁ፣ ማሻአላህ፣ በደስታ ተቀበሉ፣ በማመልከቻችሁ ላይ ጻፉት። በማኅበሩም ውስጥ ድምፅ ይኖራችኋልና ቀጣዮቹ ተማሪዎች እንዴት እንደሚመረጡ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ አትቅሩ። ያልተመረጣችሁ፣ አብሽሩ። እኔ ዝርዝሩ የወጣ ቀን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ለእናቴ ስደውልላት «ታዲያ ዶክተር አትሆኚም አሉሽ?» አለችኝ። «ኧረ እሆናለሁ» አልኳት። «እንግዲያው ተነሺና ብዪ፤ ዐስር ሳያልፍሽ ስገጂ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በሄድኩባቸው ቃለ መጠይቆች ስለዚያ ሳጥን የጠየቀኝ አልነበረም። ደጋግመው ያናገሩኝ በተማሪነቴ ስለሠራሁት የማስተርጎም ሥራ ነበር።

ለእህታችንም የመለስኩላት ይህንኑ ነው። ለትምህርት ቤቷ ማመልከቻውን ታስገባ፤ የካርድ ቁጥር ለጠየቃት አትመልስ፤ ቅዳሜዋን አትተው። የአጥንት ቀዶ ሕክምና ትፈልጋለችና ምርምሩን ከአንድ መምህር ጋር በሳምንቱ መሐል እንዴት እንደምትጀምር አብረን አይተናል። በዚያ ክሊኒክ የስኳር መድኃኒቷን እንዴት እንደምትወስድ በአማርኛ የሚነግራት ሰው የምትጠብቅ እናት አለች። የክብር ማኅበሩ መርህ የሚናገረውም ስለ እሷ ነው።

ስለ ሮቴሽንና ስለ ሬዚደንሲ ማመልከቻ ጥያቄ ያላችሁ ከጁምዓ በኋላ አግኙኝ፤ ማመልከቻችሁን አብሬያችሁ አነባለሁ፣ ኢንሻአላህ። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፣ በእጃችን ላይ ለታመሙት ሺፋ ያድርግልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።